ሳይቀመስ የወጣው ሾርባ

«መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ ዓሣው ደርቋል ይላል።»

አርያም ይህን ያለችው በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያ የሥራ ቀኗ ነበር። ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ባቡሩ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዛት፣ በወጥ ቤቱ ጠባብ መስኮት በኩል አጎንብሳ ቆማለች። ሼፉ ጀርባውን ሰጥቷት ድንች ይልጣል። ዞር እንኳን ሳይል በአማርኛ አጉተመተመ።

«ደረቅስ እሱ ራሱ!»

አርያም ሳቋ አመለጣት። ሳህኑም ሊያመልጣት ምንም አልቀረው።

«ይህንንም ልንገረው?» አለችው በአማርኛ።

ሼፉ ቢላዋውን እንደያዘ ዞረ። ጠይም ሰው ሲያፍር አያስታውቅም የሚል ካለ ያን ቀን ቴዎፍሎስን አላየውም።

«ይቅርታ እህቴ... ሐበሻ መሆንሽን መቼ አወቅኩ!»

«ዓሣውስ?»

«አምጪው። ሰውየው ልክ ነው፤ አድርቄዋለሁ። ሌላ እሠራለታለሁ፣ ሶሪ በይልኝ።»

ስህተቱን ባንድ አፍ የሚያምን ሼፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አርያምም አላየችም ነበር። ልቧ ደንገጥ ያለው ያኔ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2016 ነው። ሌላ ቦታ ቤንዚን ሲረክስ ሰው ይደሰታል፤ የካናዳዋ ካልጋሪ ግን ታለቅሳለች፤ የሚያበላት ነዳጅ ነዋ! የመሃል ከተማው ፎቆች ባዶ ቀርተው፣ ትናንት ባለ ቢሮ የነበረው ዛሬ ታክሲ ይነዳል። አርያምም ከአንድ የነዳጅ ኩባንያ ሒሳብ ክፍል ሌይኦፍ ተደርጋ፣ ከሥራ ተቀንሳ፣ የበረዶውን ክረምት በሙሉ ሥራ ስትፈልግ ከረመች። ዶቨር በሚባለው ሰፈር ቤዝመንታቸውን፣ ምድር ቤቱን፣ ያከራዩዋት እትዬ አፀደ ደግ ሴት ባይሆኑ ኖሮ ሻንጣዋ ውጭ ነበር።

በመጨረሻ የተገኘው ሥራ ይህ ነው፤ ከካልጋሪ ተነስቶ የሮኪ ተራሮችን አቋርጦ ቫንኩቨር በሚገባ ባቡር ላይ፣ በመመገቢያው ፉርጎ ውስጥ ማስተናገድ። ለኢንተርቪው የቀረበች ዕለት ሥራ አስኪያጇ ዶና ጠየቀቻት።

«አስተናጋጆቼ ምግቡን ራሳቸው ቀምሰው ነው ለእንግዳ የሚያስረዱት። የማትበዪው ነገር አለ? አለርጂ? ሃይማኖት?»

አርያም ውጭ ወንበር ላይ ተደርድረው የሚጠብቁትን ሥራ ፈላጊዎች በመስታወቱ አየች።

«ሁሉንም እበላለሁ!» አለች።

ልጅ ሆና እንኳን ፍልሰታን ገድፋ የማታውቅ ሴት! ግን ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድም።

የባቡር ምግብ የበላ ያውቀዋል፤ አብዛኛው ሞቅ ያለ ካርቶን ነው። የቴዎፍሎስ ግን ሌላ ነበር። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ወጥ ቤት ውስጥ፣ መሬቱ ከእግሩ ሥር እየተንቀጠቀጠ፣ የበሬውን ጎድን ከንጋት ጀምሮ በቀስታ ያበስላል። የቤሪ ፓዩን፣ ያንን በፍሬ የተሞላ ኬክ፣ ራሱ ይጋግራል። ድስት ከግማሽ በላይ አይሞላም። የሐዲዱን ጠመዝማዛ በቃሉ ስለሚያውቀው «ፊልድ ጣቢያን እስክናልፍ ዘይት አልጥድም» ይላል። ሰዎች ተራራ ለማየት ተሳፍረው ስለ ሾርባው እያወሩ ይወርዱ ነበር።

ተሳፋሪው ግን በየሳምንቱ ይቀንስ ጀመር። ዶና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ «በፍሮዝን፣ በረዶ ሆኖ በታሸገ ምግብ ብንቀይረው እኮ ግማሽ ወጪ ይቀንሳል» ትላለች። ቴዎፍሎስ አይመልስም፤ ሽንኩርቱን ብቻ በኃይል ይከትፋል። አርያም በመስኮቱ ታየዋለች። የፓዩን ጠርዝ፣ ያቺን ጠቆር ያለችውን፣ እንደምትወድ አውቆ በወረቀት ጠቅልሎ ያስቀምጥላታል። ምንም አላሉም ገና። ግን ሁለቱም የሥራ ተራቸው ሳይገጥም ሲቀር ያዝናሉ።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል ቴዎፍሎስ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«አርያምዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ? ነገ ጾም ይገባል። እኔ በፍልሰታ አልቀምስም፤ ሥጋም፣ ክሬምም፣ ምንም። አምና ትግስት የምትባል ልጅ ነበረች የምትቀምስልኝ፤ እሷም ሌይኦፍ ሆነች። ዶና ደግሞ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? የማይቀምስ ሼፍ ምን ይሠራልኛል፣ ፍሮዝኑን ላምጣው! አንቺ ሁሉን እበላለሁ ብለሻል ሲሉ ሰምቼ...»

አርያም አፏን ከፈተች። «እኔም እጾማለሁ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሷም አልቀምስም ካለች ማን ሊቀምስለት ነው? ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሌላ ሴት «ቅመሺልኝ» ብሎ ሲለምን ማየት አልፈለገችም።

«እሺ» አለች።

«ጾምሽ ግን...»

«የኔ ነገር አያሳስብህ።»

በመጀመሪያው ቀን የምሯን ልትቀምስ ነበር። ማንኪያው ከንፈሯ ጋር ሲደርስ እጇ ቆመ፤ እንቢ አላት። ወደ ውጭ የምታይ መስላ ዞር አለች፣ ማንኪያውን ከንፈሯን አስነካችው፣ ወዲያው በናፕኪን ጠረገች።

«ልክ ነው!»

ደግሞም ልክ ነበር። የቴዎፍሎስ እጅ ሳይቀመስም አይስትም። እንግዶቹ ሳህናቸውን ጠርገው መለሱ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። አርያም ማንንም አልጎዳሁም ብላ ራሷን አሳመነች። እሱ የሚያየው ማንኪያውን አልነበረም፤ ፊቷን ነው። «አንቺ ልክ ነው ካልሽ እኔ ተኝቼ አድራለሁ» ይላታል። እሷም ትንሽ እንዲያያት ስትል ማንኪያውን ቶሎ አትመልስለትም። ኃጢአቷን ከነ ጣዕሙ ነው የምነግራችሁ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቴዎፍሎስ ሳይበላ ሲመላለስ አየችው።

«ዘጠኝ ሰዓት አልፏል እኮ! ለምን አትበላም?»

«የኔማ አልፏል» አለ ፈገግ ብሎ። «አሁን ያንቺን ነው የምጾመው።»

«የኔን?»

«በኔ ምክንያት እየገደፍሽ አይደል? ታዲያ ዝም ብዬ ልብላ? የኔን እስከ ዘጠኝ፣ ያንቺን ደግሞ እስከ ማታ ደርቤ እጾማለሁ። ባንቺ ላይ እንዳይቆጠርብሽ ብዬ ነው።»

አርያም ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ የያዘችው ዳቦና የኦቾሎኒ ቅቤ ነው፤ እሷም የቴዎፍሎስን ያህል እየጾመች ነው። እሱ ግን ላልተገደፈ ጾም ሆዱን እያስራበ ነው!

«ተው... እንደዚህ አታድርግ፣ እባክህ!»

«አንቺ ላንድ ሼፍ ብለሽ ጾምሽን ትተሽ የለ? ይህቺ ምን አላት!»

ያኔ መናገር ነበረባት። ከዳር ሆኖ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሁላችንም «ተናገሪ እንጂ!» እንላለን። እሷም ለራሷ ብላዋለች። ግን አሁን ብትናገር በመጀመሪያ ውሸቷ ላይ ረሃቡ ተጨምሮበታል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ቀን ረሃብ ይጨመራል። ነገ እነግረዋለሁ እያለች፣ ባሳደረችው ቁጥር እየከበዳት ሄደ። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና «ዛሬም እስከ ማታ ተራበ» እያለች ታስባለች።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው በባቡሩ ላይ የአስጎብኚ ድርጅት ሰዎች ተሳፈሩ። ለሚመጣው ዓመት ተሳፋሪ የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ዶና ከጠዋት ጀምራ የአስተናጋጆቹን ክራቫት ስታስተካክል፣ ጠረጴዛ ስትጠርግ ዋለች።

ቴዎፍሎስ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። በአንድ እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ በሌላው ያማስላል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም። ትንሽ ዞረብኝ... ያንቺ ጾም ከኔው ይከብዳል ልበል?» ብሎ ሳቀ።

«ቴዎፍሎስ፣ የምነግርህ ነገር አለ።»

«ሾርባው ይውጣና ንገሪኝ፣ እሺ?»

ክሬም ያለበት የድንች ሾርባ ነበር። ጨው ጨመረበት። ዶና በር ላይ ጠራችው፣ ሄዶ ተመለሰ። መጨመሩን ረሳ። ደግሞ ጨመረ። አርያም በዚያ ሰዓት ሳህን ስትደረድር ነበርና አላየችም።

«ቅመሺልኝ» አላት ማንኪያውን እያቀበላት። «ዛሬ እንኳን ደህና አድርገሽ ቅመሺ፤ እጄን አላመንኩትም።»

ማንኪያውን ተቀበለች። ዓይኑ ፊቷ ላይ ነው። ከንፈሯን አስነካችው፣ ጠረገች።

«ልክ ነው!»

ሾርባው ወጣ። ሰዎቹ ማንኪያቸውን አነሱ፣ አንዴ ቀመሱ፣ አስቀመጡ። አንዷ ሴትዮ ውሃ ጠጣችና «ባሕር ውስጥ የወደቅኩ መሰለኝ» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከስድብ ይብሳል። ዶና ከአንዱ ሳህን ቀምሳ በናፕኪኗ ተፋችው፤ ቀጥ ብላ ወጥ ቤት ገባች።

«ማን ነው የቀመሰው?»

ቴዎፍሎስ አርያምን ቀድሞ ተናገረ።

«ማንም አልቀመሰም። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ እሷንም አላስቀመስኳትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እሷን ለማዳን ብሎ መዋሸቱ ነበር። ሳያውቀው ግን እውነቱን ተናገረ። አርያም ያንን ስትሰማ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! ሄዳ ሳህኖቹን ትሰበስብ ጀመር።

ካልጋሪ እንደተመለሱ ቴዎፍሎስን አሰናበቱት። ወጥ ቤቱም ተዘጋ። ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሲወጣ እሷን ያጽናናት ጀመር።

«አንቺ ስትቀምሺው ልክ የነበረ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ሳይሆን አይቀርም የደገምኩት። እንዳታዝኚ፣ እሺ? ምን ልትነግሪኝ ነበር ያን ቀን?»

«ምንም» አለች። «ረሳሁት።»

ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳችም። ፍልሰታ የወጣ ዕለት «እንኳን አደረሰሽ፣ አብረን ብንፈታ ደስ ይለኛል፣ ኮል አድርጊልኝ» ብሎ ቴክስት ላከ። መልስ የለም። ሁለተኛም ላከ። በመጨረሻ «ገብቶኛል። ሥራ የሌለው ሰው ማን ይፈልጋል። አልቀየምሽም» የሚል መጣላት ስልኳ ላይ። አርያም ያንን ቴክስት አንብባ ትራስ ውስጥ ጮኸች። እሱ እንደናቀችው ነው ያሰበው! ፊቱን ለማየት አፍራ የምትሸሸው መሆኑን ከየት ይወቅ?

ሥራዋ ቀጠለ። በላስቲክ የታሸገው ምግብ ከበረዶ ወጥቶ ማይክሮዌቭ ይገባል፤ ዳር ዳሩ ያቃጥላል፣ መሃሉ በረዶ ነው። አንድ በየዓመቱ የሚሳፈሩ ሽማግሌ ትሪውን በሹካ ነካ ነካ አድርገው «የቀድሞው ሼፍ ሞተ እንዴ?» ብለው ጠየቋት። ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

አላስችል ሲላት ለዶና ተናገረች። «ሾርባውን ቅመሺ ተብዬ ሳልቀምስ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ስለኔ ነው የዋሸው።» ዶና ኮምፒውተሯን ገፋ አድርጋ በድካም አየቻት።

«የፍሮዝኑን ኮንትራት የፈረምነው በሰኔ ነው፣ የኔ ማር። ሾርባው ባይበላሽም ወጥ ቤቱ መዘጋቱ አልቀረም ነበር። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ነበር። አርያም ግን እፎይታው አልመጣላትም። ሥራው በማንኛውም መንገድ ይሄድ ነበር፤ እሺ። ያ ሰው ግን አንገቱን ደፍቶ የወጣው እጄ ከዳኝ ብሎ ነው። ራሱን እየረገመ ነው። ከዚያ የሚያወጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እትዬ አፀደ እሷ ምግብ ስትተው ሲያዩዋት ሰንብተው ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ አስቀመጧት። ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ለንስሐ አባትሽ ነገርሽ?» አሏት።

«ነግሬያለሁ፣ እትዬ። ወደ እሱ ሂጂ ነው ያሉኝ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ተነሺ እንጂ!»

ጳጉሜ ገብቶ ነበር። ቴዎፍሎስ ኢንተርናሽናል አቬኑ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ጋሼ ነጋሲ በሚባሉ አዛውንት ኤርትራዊ ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠበ መሆኑን ሰምታለች። ከኋላ በኩል ባለው በር አንኳኳች። እስከ ክርኑ አረፋ ሆኖ ወጣ። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ተሰበሰበ።

«ምን እግር ጣለሽ?»

«ሾርባውን አልቀመስኩትም» አለች። ሌላ መግቢያ አልነበራትም።

«የትኛውን?»

«የትኛውንም። አንድም ቀን አልቀመስኩልህም። እኔም እጾም ነበር፣ ቴዎፍሎስ። ከንፈሬን እያስነካሁ ነበር ልክ ነው የምልህ። ያን ቀንም... እጅህ አልከዳህም። ከኔ በኋላ አልደገምክም፤ ሾርባው ወዲያው ነው የወጣው። እኔ ነኝ የከዳሁህ።»

አረፋው ከክርኑ ይንጠባጠባል።

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ እኔ ያንቺን ደርቤ ብዬ የጾምኩት... የማንን ነው?»

«አውቃለሁ...»

«አታውቂም! ማታ ማታ ሆዴ ሲጮህ ምን እል ነበር መሰለሽ? ለአርያም ነው፣ ይሁን፣ እል ነበር። አንቺ እዚያ ቆመሽ ታዪኝ ነበር!»

«ይቅር በለኝ...»

«አሁን ሂጂ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እባክሽ ሂጂ።» ገብቶ በሩን ዘጋ።

አርያም እስከ ዶቨር በእግሯ ሄደች። አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ አልፏታል። እውነት ከተነገረ በኋላ ቀለል ይላል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እሷን አልቀለላትም።

እንቁጣጣሽ ዕለት የእትዬ አፀደ ደወል ተደወለ። ጋሼ ነጋሲ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ቴዎፍሎስ እንደ ተማሪ ልጅ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«እንኳን አደረስዎት፣ እትዬ አፀደ» አሉ ጋሼ ነጋሲ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ጋሼ ነጋሲ። ምነው እንዲህ ሽክ ብለው መጡ? ለዕርቅ ነው ወይስ ለጋብቻ?»

«በአንድ ጉዞ ሁለቱንም እንጨርስ ብለን ነው፤ ቤንዚን ቢረክስም ጉልበቴ አልረከሰም። ዕርቁ ካልሆነ ሁለተኛውን ይዘን እንመለሳለን።»

አርያም ከቤዝመንት ተጠርታ መጣች። ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ቴዎፍሎስ ቆሞ ጀመረ።

«እኔም የምናዘዘው አለኝ። ጾም በስውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። አንቺ በስውር ጾምሽ። እኔ ግን ያንቺን ደርቤ እጾማለሁ ብዬ ነገርኩሽ። ለምን ነገርኩሽ? እንድትወጂኝ ነው! ጾም አልነበረም፣ ማስታወቂያ ነበር። በዚያ ማስታወቂያ ነው ራሴ የዞረው፣ ጨዉንም ሁለቴ የጨመርኩት። ያን ቀን በሩን ስዘጋብሽ ይህን ሁሉ ባንቺ ጫንቃ ላይ ጥዬ ነው የገባሁት። ይቅር በይኝ።»

«አትዋሽልኝ!» አለች አርያም እንባዋ እየወረደ። «እውነቱን ብነግርህ አትራብም ነበር። አሁንም ይቅር ብትለኝ እንኳን አይለቀኝም። ያንን የላስቲክ ትሪ ባቀረብኩ ቁጥር ይከብደኛል።»

«ይክበድሽ» አለ ቴዎፍሎስ። «እኔንም ይከብደኛል። ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም። ግን ለብቻሽ አትሸከሚው። ይኸው ነው የመጣሁበት።»

አርያም ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ሄዳ ደረቱ ላይ ተደፋች።

ጋሼ ነጋሲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዕርቁ የተሳካ ይመስላል። ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ?»

«ልጁ ሥራ አለው?» አሉ እትዬ አፀደ፣ ወጉ እንዳይቀር።

«ሳህን አጣቢ ነኝ፣ እትዬ። አልደብቅም።»

«እኔም ትናንት ለቅቄያለሁ» አለች አርያም። «ያንን ምግብ ከእንግዲህ ለሰው ማቅረብ አልችልም።»

እትዬ አፀደ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አይ የዘንድሮ ልጆች! ታዲያ ምን ይዛችሁ ነው የምትጋቡት?»

አርያም ፊቷን ከደረቱ ቀና አደረገች። እያለቀሰች ሳቀች።

«ጥፋታችንን ይዘን ነዋ፣ እትዬ!»

እትዬ አፀደ ትንሽ አሰቡበት። ከዚያ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ጎረቤት ያሉት ፈረንጅ ምን ተፈጠረ ብለው መስኮታቸውን ከፈቱ።